«ፎቶዬ ጂሙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ግን እያነከስኩ ነው»

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ከ4 ዓመት በፊት 71 ኪሎ ነበርኩ፤ የቢሮአችንን ደረጃ ስወጣ ያለከልከኝ ነበር። አንዲት ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤዛዊት ተራራ ይዛኝ መውጣት ጀመረች። ከእግር ጉዞ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ሩጫ ገባሁ። ያኔ በሐይቁ ዳር ስሮጥ ደስታዬ ታንኳ መቁጠር ነበር፤ አንድ ቀን 11 ቆጥሬ ለእናቴ መናገሬን አስታውሳለሁ። አሁን ዓይኔ ከእጅ ሰዓቴ አይነሳም።

ዛሬ 52 ኪሎ ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ68 ነው። በሳምንት 5 ቀን ጠዋት 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ፣ 4 ቀን ማታ ጂም ብረት እሠራለሁ። የምበላውን ሁሉ ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ፤ በቀን ከ1,300 ካሎሪ አላልፍም። እውነቱን ልናገርና ጾም ሲገባ ደስ ይለኛል፤ እስከ 9 ሰዓት ማንም «ብዪ» አይለኝም። የጂሙ ባለቤት «በፊት» እና «አሁን» የሚል ፎቶዬን አሳድጎ አሳትሞ መግቢያው ላይ ሰቅሎታል። ወርሃዊ ክፍያ አልከፍልም። አዲስ ሰው ሲመጣ ይጠራኝና «እሷን እዩ» ይላል። የሰፈራችን የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ «ሯጯ» ነው የሚሉኝ።

ግራ ቅልጥሜን ካመመኝ 6 ሳምንት ሆነኝ። መጀመሪያ ስሮጥ ብቻ ነበር፤ አሁን ደረጃ ስወርድም፣ ማታ ተኝቼም ይሰማኛል። ማስታገሻ እየዋጥኩ እሮጣለሁ። ለማንም ያልነገርኩት ደግሞ የወር አበባዬ ከቀረ 5 ወሩ ነው። ጂም ውስጥ አንዷ «ስፖርተኛ ስትሆኚ እንደዚያ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው» አለችኝ።

ባለፈው ቤታችን ማኅበር ነበር። እናቴ በሰው ፊት የዶሮ ጉርሻ ዘረጋችልኝ፤ ወጡ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። «በቃኝ» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ጎረቤታችን «ለእኔ አምጪው» ብላ አፏን ከፍታ አዳነቻት። ማታ ለጎረቤቷ «ልጄ በሽታ ይዟት ደብቃኝ ይሆን?» እያለች ስታለቅስ ሰማኋት።

ሐኪም ጋ ብሄድ «አቁሚ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። አቁሜስ ምን ልሁን? ከሩጫው በፊት እኮ ስሜን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

ሯጯ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እህቴ፣ የእናትሽን እጅ የገለጽሽበትን ቦታ ሁለቴ አነበብኩት። ወደ እሱም፣ «አቁሜስ ምን ልሁን?» ወዳልሽውም እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት የማይቆይ ጉዳይ አለና ከእሱ እንነሣ።

እየባሰ የሄደ፣ ተኝተሽም የማይተውሽ የቅልጥም ሕመምና ለ5 ወር የቀረ የወር አበባ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ላይሆኑ ይችላሉ። በብዛት ለምትሮጥና ጥቂት ለምትበላ ሴት ብዙ ጊዜ መነሻቸው አንድ ነው። ስሌቱ ለሒሳብ ሰው አይከብድም። አንድ ኪሎ ሜትር መሮጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ካሎሪ ገደማ ይፈጃል። አንቺ 52 ኪሎ ሆነሽ 10 ኪሎ ሜትር ስትሮጪ 500 ያህል ወጪ ሆነ። ከ1,300 ላይ ሲነሣ 800 ይቀራል። ከክብደትሽ ስብ ያልሆነው 43 ኪሎ ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ የተረፈው 19 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። በስፖርት ሕክምና በቂ ተብሎ የሚያዘው 45 አካባቢ ነው፤ ከ30 በታች ሲወርድ ሰውነት ወጪውን መቁረጥ ይጀምራል። የማታውን ብረት ገና ሒሳብ ውስጥ አላስገባነውም።

ሰውነት ወጪ ሲቆርጥ ልብን አያቆምም፤ ለዛሬ የማያስፈልገውን ይዘጋል። የመጀመሪያው ተዘጊ ብዙ ጊዜ የመውለጃው ሥርዓት ነው። አንጎል ወደ እንቁላል እጢዎች የሚልከው ትእዛዝ ይዳከማል፣ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይቀራል። ያው ኢስትሮጅን አጥንትንም የሚጠብቅ ነው። ሩጫ በአጥንት ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ያደርሳል፤ በደህናው ጊዜ በዕረፍትና በምግብ ይጠገናል። ጥገናው ከጉዳቱ ወደ ኋላ ሲቀር ስንጥቁ እየሰፋ ሄዶ አንድ ቀን ስብራት ይሆናል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዚህ ችግር ስም አውጥቶለታል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ስንመልሰው «በስፖርት የሚመጣ የጉልበት እጥረት» እንደ ማለት ነው። ወንዶችንም ይይዛል። ስለዚህ «ጥሩ ምልክት ነው» ያለችሽ ልጅ ተሳስታለች፤ በክፋት አይመስለኝም፣ ምናልባት ለእሷም እንደዚያው ነግረዋት ይሆናል።

ይህን ስል በደብዳቤ ምርመራ እያደረግሁልሽ አይደለም። የወር አበባ በእርግዝና፣ አንገት ላይ ባለው የታይሮይድ እጢ ችግር፣ ፕሮላክቲን በሚባለው ሆርሞን መብዛት፣ በእንቁላል እጢ ችግርም ይቀራል። ለዚህ ነው መታየት ያለብሽ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ «እግሬን ያመኛል» ብቻ ብለሽ ማስታገሻ ተጽፎልሽ እንዳትወጪ። ቁጥሮቹን በወረቀት ይዘሽ ግቢ፦ 5 ወር፣ 6 ሳምንት፣ በሳምንት 50 ኪሎ ሜትር፣ 1,300 ካሎሪ፣ ከ71 ወደ 52። የእርግዝና ምርመራ ቢያዝልሽ አትቀየሚ፤ የወር አበባ የቀረባት ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትመረመረው እሱን ነው። ራጅ ተነሥተሽ «ንጹሕ ነው» ብትባዪም ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ከዚያም በኋላ የሚያመልጥበት ጊዜ አለ። ሕመሙ ካልተወሽ «ኤምአርአይ ያስፈልገኝ ይሆን?» ብለሽ ጠይቂ፤ ራጅ የሚያመልጠውን ስንጥቅ የሚያሳይ ምርመራ ነው።

ቤት ሆነሽ ማየት የምትችዪው አንድ ነገር አለ። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የቅልጥምሽን አጥንት ከጉልበትሽ በታች ጀምረሽ በአንድ ጣት እየተጫንሽ ውረጂ። ሕመሙ በአጥንቱ የውስጥ ጠርዝ ላይ ከመዳፍ ስፋት በላይ ተዘርግቶ ከተሰማሽ የአጥንቱ ሽፋንና ጡንቻው ተቆጥተው ሊሆን ይችላል። አንዲት ጣት የምትሸፍናት ነጥብ ላይ ደርሰሽ ዘለሽ ከተነሣሽ ግን ስንጥቅ ይጠረጠራል። ነጥቧ ከፊት ለፊት፣ ቅልጥሙ መሃል ላይ ከሆነች ለሐኪሙ ለይተሽ ንገሪው፤ የዚያ ቦታ ስንጥቅ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው። በአንድ እግር እየዘለልሽ ለመፈተን አትሞክሪ፤ የተሰነጠቀውን ሊሰብረው ይችላል። እስክትታዪ ድረስ ሩጫ፣ ዝላይና ገመድ ይቅር። ለመሮጥ ብለሽ የምትውጪውን ማስታገሻም ተዪው፤ ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አጥንቱን አይጠግነውም።

«አቁሚ ይለኛል» ብለሻል። አዎ፣ ሳይልሽ አይቀርም። ግን የቅልጥም ስንጥቅ በጊዜ ከተያዘ አብዛኛውን ጊዜ ከሩጫ የሚያርቀው 6 እስከ 8 ሳምንት ነው። እየሮጥሽበት ከተሰበረ ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሐኪም ዘንድ እንዳትሄጂ ያደረገሽ ሕመሙ አይመስለኝም፤ ሰነፍ ተብለሽ የምትገኚ መስሎሽ ነው። ተሳስቼ ይሆን? ማንከስሽን የደበቅሽው ልክ ሰው ጥፋቱን እንደሚደብቅ ነው። ይህ ያንቺ ድክመት ብቻ አይደለም። ሮበርት ክራውፎርድ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1980 «ሄልዚዝም» ስለሚባል አስተሳሰብ ጽፏል። ጤና የእያንዳንዱ ሰው የግል ሥራ ይሆንና በቃ፣ ቀጭንና ጠንካራ ገላ የመልካም ጠባይ ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠራል። የቀጠነ ጨዋና ቆራጥ፣ የወፈረ ልቅ፣ የታመመ ደግሞ «አንድ ነገር አጥፍቶ ነው» ይባላል። ጂም ስትገቢ ብረቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ዳኝነት ይዘሽ ትወጫለሽ። ዳኝነቱ ሲመሰገኑበት አይከብድም፤ እግር የታመመ ቀን ነው የሚያስጨንቀው።

አንቺን ከሌሎች አገር ሯጮች የሚለይሽ ደግሞ ገላሽ በሁለት ቋንቋ መነበቡ ነው። ጂም ውስጥ 52 ኪሎ «ጽናት» ተብሎ ይነበባል። ሽምብጥ እናትሽ ቤት ያው 52 ኪሎ «በሽታ» ወይም «ችግር» ነው። በእኛ አገር «ፊትሽ ሞላ»፣ «ተመችቶሻል» ምርቃት ነው፤ «ከሳሽ» ደግሞ ጥያቄ ነው፣ «ማን በደለሽ? ምን አገኘሽ?» ማለት ነው። በዚህ አገር ረሃብንና ሰው አመንምነው የሚገድሉ በሽታዎችን ያየ ትውልድ ክሳትን በሌላ መንገድ ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ እናትሽ ስለ ስፖርት ስለማታውቅ ብቻ አይደለም የምታለቅሰው። ደግሞ የሚያስገርመው፣ በዚህኛው ጉዳይ ከጂሙ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበችው እሷ ናት፤ የበሽታውን ስም አላወቀችም እንጂ መታመምሽን አይታለች።

ቻርልስ ሆርተን ኩሊ የሚባል ሌላ የማኅበረሰብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1902 የጻፈው ነገር ላንቺ የተጻፈ ይመስላል። ሰው ራሱን የሚያውቀው በሌላው ዓይን እንደ መስታወት ተመልክቶ ነው ይላል። በመጀመሪያ ለሌላው ምን መስዬ እታያለሁ ብለን እንገምታለን፤ ቀጥሎ ያ ሰው ምን ብሎ ይፈርድብኛል ብለን እንገምታለን፤ ከዚያ እንኮራለን ወይም እናፍራለን። ልብ አድርጊ፣ ሁለቱ ግምት ናቸው። የጂሙ ሰዎች ስታነክሺ ቢያዩ ምን እንደሚሉ በእርግጥ ታውቂያለሽ? ወይስ እስካሁን ማንንም ሳትጠይቂ ፍርዱን ራስሽ ሰጥተሽ ጨርሰሻል?

ከሩጫው በፊት ስምሽን የሚያስታውስ እንዳልነበረ ጽፈሻል። እህቴ፣ አሁንም እኮ አያውቁትም። የሚጠሩሽ «ሯጯ» እያሉ ነው። ደብዳቤሽንም የፈረምሽው በዚያው ነው። ቅጽል መጥፎ አይደለም፣ ፍቅርም አለበት፤ ግን ቅጽል የሚኖረው ሥራው እስካለ ነው። በስፖርት ሥነ ልቦና ይህ ነገር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ መለኪያ ተበጅቶለት ይጠናል። ራሱን በስፖርተኛነት ብቻ የሚያውቅ ሰው ከሌሎች ይልቅ በጽናት ይሠራል፤ ጉዳት ሲደርስበት ግን ከሌሎች የበለጠ በሐዘን ይወድቃል፣ ሳይድንም ለመመለስ ይቸኩላል። መድኃኒቱ «ስፖርተኛ አይደለሁም» ማለት አይደለም። ሌሎቹን ስሞችሽን ከተኙበት መቀስቀስ ነው። አንድ ማታ ወረቀት ያዢና 10 ሰዎች ጻፊ። ከእያንዳንዱ ጎን ለዚያ ሰው ምን እንደሆንሽ፣ እንደዚያ ሆነሽ የተገኘሽበትን የመጨረሻ ቀን ጻፊ። ቤዛዊት ይዛሽ የወጣችው ጓደኛሽ በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ታይታ ጠፍታለች። የት ናት አሁን? ቀኑ ከ6 ወር በላይ የራቀበት ስም ካለ መጀመሪያ የምትደውዪው ለእሱ ነው።

ስለ ፎቶው ደግሞ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «በፊት» ተብላ የተሰቀለችውን የ71 ኪሎዋን ሴት በየቀኑ አልፈሻት ነው የምትገቢው፤ ሰው ሁሉ እንዲታዘባት ተደርጋ ነው የተሰቀለችው። ነገር ግን እያለከለከች ቤዛዊትን የወጣችው እሷ አይደለችም? ሰው ሲያያት እያፈረች ሶምሶማ የጀመረችው፣ ታንኳ የቆጠረችው? ሩጫውን ያመጣችው «በፊት» ናት፤ «አሁን» የተባለችው ከእሷ ወረሰች። የምትፈሪው ወደ እሷ መመለስን ከሆነ፣ እሷ ከሁለታችሁ ደፋሯ እንደነበረች አስቢበት።

ለጂሙ ባለቤት ዛሬ ማታ እንዲህ ብለሽ ልትጽፊለት ትችያለሽ፦ «በሕክምና ምክንያት ለ2 ወር ያህል ሩጫና ብረት አቁሜያለሁ። እስክመለስ ፎቶዬን አውርድልኝ። ስመለስ እንደማንኛውም ሰው እከፍላለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዪያት። የነፃው ክፍያ ስጦታ ይመስላል እንጂ ደሞዝ ነው፤ በምትኩ የምትሸጪው ገላሽ እንዳይለወጥ ነው። ያለ ክፍያ ስትሠሪ አንድ ኪሎ መጨመር ውል እንደማፍረስ ይሰማሻል። እየከፈልሽ ስትገቢ ግን ደንበኛ ነሽ፤ ደንበኛ ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ይቀራል፣ ይመጣል። ፎቶውን አላወርድም ካለ አትጣዪው፤ የሚያከብረውን ታላቅ ሰው ላኪበት። ብዙውን ጊዜ በአንድ ቡና ያልቃል።

እናትሽን ደግሞ ጉርሻው ላይ ሳይሆን ሌላ ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ቡና ሲፈላ አነጋግሪያት። «እማዬ፣ ደብቄሽ ነበር፤ እግሬን ካመመኝ ቆይቷል። ምን እንደሆነ ገና አላወቅኩም። ሐኪም ዘንድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» ይበቃል። ያላገባች ልጅ «የወር አበባዬ ቀረ» ስትል እናት ምን እንደምታስብ ይገባኛል፤ ከከበደሽ እሱን ለሐኪሙ ብቻ አቆዪው። ነገር ግን ለሐኪሙ አንዳች እንዳትደብቂ፤ ምርመራ ክፍል ብቻሽን ለመግባት መጠየቅም መብትሽ ነው። «አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» የምትለዋን አታስቀሪ። ለ4 ዓመት «በቃኝ» ሲባሉ የቆዩ እጆች የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ። ለጉርሻውም መላ አለው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላልና ሙሉውን እምቢ ከማለት «ትንሽ አድርጊልኝና ሁለት አጉርሺኝ» ብትያት ልክ መጠኑ ያው ነው፣ ቤቱ ግን ይስቃል።

ምግቡ ላይ እንምጣ፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚድነው ወይም የማይድነው እዚያ ነው። ሩጫውን ያቆምሽ ቀን 500 ወጪ ይቀርልሻል፤ 1,300ው ለ43 ኪሎ ሲካፈል ወደ 30 ይጠጋል። ይህ ከአደጋው ጠርዝ ላይ መቆም ነው እንጂ መዳን አይደለም። ወደ 1,900 መድረስ አለብሽ። አሁን የምትበዪውን ሳትነኪ እነዚህን ብቻ ጨምሪ፦ ወጥሽ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ፣ አንድ ጭብጥ ኦቾሎኒ (30 ግራም ገደማ) 170፣ አንድ ሙዝ 100፣ ግማሽ አቮካዶ 160። ተደምሮ 550 ነው። ይህ መነሻ ግምት ነው፤ ሐኪሙ ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ካንቺ ሁኔታ ጋር ያስተካክለዋል። ለአጥንትሽ በቀን 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልግሻል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል አለው፤ ጤፍም ከስንዴና ከበቆሎ የበለጠ ካልሲየም አለው። የጣና ዓሣ፣ ቆረሶውም አምባዛውም፣ በራፍሽ ላይ ነው፤ ፕሮቲን ፍለጋ የቆርቆሮ ዱቄት መግዛት አያሻሽም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚዛኑ 1 ወይም 2 ኪሎ ቢጨምር አትደንግጪ። ባዶ የነበረው ጡንቻ ስኳር ሲያከማች ለእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ አብሮ ይይዛል፤ አብዛኛው እሱ ነው። ብዙዎች መንገዱን የሚተዉት እዚች ላይ ነው፤ ቁጥሩን ያዩና ወደ ዱሮው ይመለሳሉ። ሚዛኑን ለጎረቤት አውሺው። የወር አበባሽ የመመለሱ ነገር ከሳምንታት እስከ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ አጥንት ከዚያም ይዘገያል።

ስለ ጾሙ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ። እስከ 9 ሰዓት የምትቆዪው ለጸሎቱ ነው ወይስ ለሚዛኑ? የሐኪሙን ቃል ይዘሽ ንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ። ለታመመ ሰው ሥርዓቱን የሚያቀልሉት እሳቸው ናቸው፤ የዓሣውንም ጉዳይ አስተያየቱ ብዙ ስለሆነ ለእሳቸው ልተወው። በዚያው ልጨምርና፣ ከበላሽ በኋላ ለማስመለስ የምትሞክሪ ከሆነ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ፣ ወይም 550ውን ለመጨመር ስታስቢ ብቻ ፍርሃት የሚይዝሽ ከሆነ፣ ይህ በፈቃደኝነት ብቻ የሚታለፍ አይደለም። የአእምሮ ጤና ባለሙያ አይቶ የሚረዳው በሽታ ነውና ለሐኪሙ ንገሪው።

ከባዱ ሰዓት ንጋት 11 ሰዓት ነው። ለዓመታት ስትሮጭበት የኖርሽበት ሰዓት ስለሆነ ትነቂያለሽ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለምክንያት ማልቀስ ይኖራል፤ መሮጥ የለመደ ሰው ሲያቆም የሚደርስበት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም እየቀለለ ይሄዳል። እየቆየ ከባሰብሽ ግን ለሐኪሙ ንገሪው። ያን ጊዜ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ብስክሌት ነው። ከተማው ሜዳ ነው፣ ብስክሌቱም ሞልቷል፤ «እግር አይረግጥም» ብለሽ 40 ኪሎ ሜትር ትነጂና ያተረፍሽውን 500 መልሰሽ ታወጪዋለሽ። ሁለተኛው ሐይቁ ነው። ጣና ውስጥ ስትዋኚ ብልሃርዚያ፣ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ፣ ሊይዝሽ ይችላል፤ ዳር ዳሩ ላይ ይብሳል። ይልቅ በዚያው ሰዓት ተነሥተሽ፣ መራመድ ካላሳመመሽ 20 ደቂቃ፣ ካሳመመሽ ቁጭ ብለሽ፣ ሰዓቱን ቤት ትተሽ ሐይቁ ዳር ሂጂ። ያቺን ጓደኛሽን ይዘሽ ቢሆን ይሻላል።

ሐኪሙ ሲፈቅድልሽ አመላለሱ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ 30 ደቂቃ ያለ ሕመም መራመድ። ቀጥሎ አንድ ቀን እየዘለልሽ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 4 ደቂቃ እርምጃ፣ አምስት ጊዜ። ለሁለት ሳምንት ካላመመሽ 2 ለ3፣ ከዚያ 3 ለ2፣ ከዚያ 4 ለ1። ነጥቧ ከተሰማችሽ በዚያው ቀን ቁሚ፣ ሁለት ቀን አርፈሽ ከአንድ ደረጃ ወደ ኋላ ጀምሪ። ኮብልስቶን ላይ አትሩጪ። ጫማሽንም እዪው፤ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው የሚያገለግለው፣ በሳምንት 50 ስትሮጪ በ3 ወይም በ4 ወር አልቋል ማለት ነው። የአሁኑን መቼ ገዛሽው? ምግቡ ሳይስተካከል ግን የመጀመሪያዋን ደቂቃም አትጀምሪ፤ አዲስ ጫማ አድርጎ ሌላኛውን እግር መስበርም አለ።

ከሐኪሙ ስትመለሺ ጻፊልኝ፤ ፎቶው ወርዶ እንደሆነም ንገሪኝ። የዚያን ጊዜ ደብዳቤውን በሌላ ስም ብትፈርሚው ደስ ይለኛል።